ከፖስቱ ሥር የቀረው ጥያቄ

ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ገደማ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ገበያተኛ የሚጠብቅ የለም። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ይሰበስባል፤ ባጃጆቹ እንኳ ዛፍ ሥር ተጠግተው ይቆማሉ። ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ድሪያና ሽርጥ የሚሸጡት ሴት ግን በዚህም ሰዓት ሥራ አልፈቱም። መዝጊያው በግማሽ በወረደ ሱቃቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በስልካቸው ለደንበኛ መልስ ይጽፋሉ። ከአዲስ አበባም ከጅግጅጋም ይጠየቃሉ፦ ከለሩ አለ ወይ፣ ስንት ነው፣ በመኪና ይላካል ወይ። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ተቀምጧል። ደቻቱን ተሻግሮ ከከዚራ ለምሳ የመጣው ይህ ወጣት በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው። የፌስቡኩም የቴሌግራሙም ቁልፍ በእጁ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲነሳበት ግን አይፈልግም።

የሁለቱን ጭቅጭቅ ያመጣው የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ጉዳይ ነው። የነጋዴዋ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፋ ከድሬ ሩቅ ወደሆነ ጊቢ ተመድባለች። ምደባዋን ያዩት በቴሌግራም ቦት ነው፤ የመለያ ቁጥሯን አስገቡ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው መጠበቅ ነው።

«ምደባው በደቂቃ ታወቀ። መቼ እንደምትገባ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ዝም አለ» አሉ ነጋዴዋ።

«ዝም አላለም፣ አክስቴ። ትናንት እንኳ ፖስት አድርጓል።»

«ምን ብሎ?»

ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ አየና ሳቁን ዋጠው። «የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል።»

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችን ገጽ የሚከታተል ሰው ይህን ፎቶ ሳያየው ያውቀዋል። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ ከኋላ ባነር፣ ከፊት የሚጨባበጡ ሁለት ኃላፊዎች። ከሥሩ የክቡር ዶክተሩ ንግግር ይከተላል። ዜናው ውሸት የለበትም፤ ሰነዱም ተፈርሟል። ችግሩ ገጹን የከፈተው ሰው ለዚያ አለመምጣቱ ነው።

«እኔ ለጥሪው ቲክቫህን ነው የማየው» አሉ ነጋዴዋ። «የሁሉም ጊቢ እዚያ ይወጣል።»

ቲክቫህ ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ነው። የዩኒቨርሲቲ ወሬ ብቻ የሚለጠፍበት ቲክቫህ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ቻናልም አለው። ዩኒቨርሲቲው ጥሪውን በራሱ ፌስቡክ ያወጣል፣ ቲክቫህ አንስቶ ይለጥፈዋል፣ ተማሪውና ወላጁ ከቲክቫህ ያነበዋል። የበርካታ ጊቢ ማስታወቂያ አንድ ቦታ መገኘቱ ለአንባቢ ይመቻል። ለተቋሙ ግን የሚያስተዛዝብ ነገር ነው፤ የራሱ አዲስ ተማሪ ከእሱ ጋር ከመተዋወቁ በፊት ከሦስተኛ ወገን ጋር ቤተሰብ ይሆናል።

ወጣቱ በዚህ አይከፋም። «ወሬው እስከደረሰ ድረስ በማን በኩል ቢደርስ ምን ቸገረን? ድሮ'ኮ ጥሪ በሬዲዮና በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበር የሚነገረው። ያላነበበ ያመልጠው ነበር። ዛሬ በገጠር ያለ ልጅ እንኳ ስልክ ያለው ጓደኛ ካገኘ ያያል።»

በዚህ ላይ እውነት አለው። ዳታሪፖርታል የተባለው ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው ግምት የኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች 7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት ግን በብዛት ያለው እዚያው ትንሹ ክበብ ውስጥ ነው፤ እሱ ያነበበውን ደግሞ ለቤተሰቡ ይነግራል። ለድሬ የተለየ ምክንያትም አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው በዚህች ከተማ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ነጋዴዋ ሁለተኛውን ሲም ያወጡት ያኔ ነው፤ ሁለቱንም ስልካቸው ውስጥ አድርገው በዚያ ቀን የረከሰውን ይጠቀማሉ።

የጥሪ ማስታወቂያ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል። ከየትኛውም ጊቢ ቢወጣ ይመሳሰላል። መጀመሪያ የምዝገባው ቀን፣ ቀጥሎ የሚያዘው ዕቃ፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። መጨረሻው ላይ ማሳሰቢያ አለ፤ ከቀኑ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ ለሚመጣ ተማሪ ተቋሙ ኃላፊ እንዳልሆነ ይነገራል። እናት የምታነበው ከሁሉ በላይ ይህንን የመጨረሻውን መስመር ነው። ከሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በኋላ ልጇ ሌሊት ብትደርስ ምን እንደምትሆን ማሳሰቢያው አይናገርም።

ነጋዴዋ ወደ አንድ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ገቡና ከሥሩ ያሉትን ኮሜንቶች ማንበብ ጀመሩ። «ይኸው። ‹ሪሚዲያልን ይጨምራል?› ይላል አንዱ። ሌላውም ‹ሪሚዲያል መቼ ነው?› ይላል። ‹ኦሪጅናል ያልደረሰለት በቴምፖ መመዝገብ ይችላል?› ‹አንሶላው ስንት ነው?› ይህቺ ደግሞ ‹እባካችሁ መልሱልን› ትላለች። የመለሰላት የለም። አንዱ ልጅ ብቻ ‹አዎ ይጨምራል መሰለኝ› ብሏታል። መሰለኝ!»

የሪሚዲያሉ ጥያቄ እንዲህ የበዛው በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስቴር ከዚያ በታች ካሉት የተወሰኑትን በሪሚዲያል ፕሮግራም ለወራት እንዲማሩና እንደገና እንዲፈተኑ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ይልካል። እነዚህ ልጆች ተማሪም ናቸው፣ ገና ተማሪም አይደሉም። «አዲስ የተመደባችሁ ተማሪዎች» የሚለው ሐረግ እነሱን ይጨምር አይጨምር አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ጸሐፊው አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ ከሥሩ ያለው የጥያቄ ክምር ግማሹ ባልተጻፈ ነበር።

«እኔ ዘንድ» አሉ ነጋዴዋ ስልካቸውን እያወዛወዙ፣ «ደንበኛ ‹ስንት ነው?› ብሎ ጽፎ እስከ ማታ ካልመለስኩለት ነገ ጎረቤቴ ሱቅ ገዝቶ አገኘዋለሁ። እናንተ ግን ጎረቤት የላችሁም፤ ልጁ በምደባ ተሰጥቷችኋል። ለዚያ ነው የማትመልሱት።»

ወጣቱ እስከዚህ ድረስ እየሳቀ ነበር። ይህችን ግን ወጋ አደረገችው።

«አቦ፣ አክስቴ፣ አንቺ የሱቅሽ ባለቤት ነሽ። እኔ ባለቤት አይደለሁም። አንድ ጽሑፍ ከእኔ ተነስቶ ገጹ ላይ እስኪወጣ ዳይሬክተሩ ያየዋል፤ ከበድ ካለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ያየዋል። ኮሜንት ላይ ‹አዎ ይጨምራል› ብዬ ጽፌ ሬጅስትራር ‹አይጨምርም› ቢል መንገድ የጀመረውን ልጅ ማን ይመልሰዋል? ስክሪንሾቱ ከእኔ ስም ጋር ይዞራል።»

«ሬጅስትራሩን ደውለህ አትጠይቅም?»

«እጠይቃለሁ። ‹በደብዳቤ አምጣ› ይለኛል።»

እዚህ ላይ የሁለቱ ጨዋታ ከፌስቡክ ወጥቶ ቢሮ ውስጥ ገባ፤ ዋናው ነገር ያለውም እዚያ ይመስላል። ገጹን የያዘው ሰው መልሱ የለውም፤ መልሱ ያለው ሰው ገጹን አያይም። ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ዲን፣ የመኝታና የምግብ አገልግሎት፣ እያንዳንዱ የየራሱ በር አለው። ተማሪው ግን የሚያንኳኳው አንዱን በር ነው፤ ሰማያዊውን የፌስቡክ በር። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ የሚመዘነው ደግሞ በሩብ ዓመት ሪፖርት ስንት ዜና እንደሠራ ተቆጥሮ ነው። ስንት ጥያቄ ተመለሰ የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም፤ ወጣቱ ራሱ የነገራቸው ነው።

ከዚያ ደግሞ ስድብ አለ። «ኮሜንቱን ለምን እንደምንዘጋው ልንገርሽ» አለ። «የምግብ ዜና ስትለጥፊ ከአሥር ኮሜንት በኋላ የብሔር ጠብ ይሆናል። ሰውየው ጊቢውን አያውቀውም፤ ምናልባት አገር ውስጥም የለም። ሕጉ ደግሞ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። የጥላቻ ንግግር በገጼ ሥር ተጽፎ ቢያድር ማን ይጠየቃል? ስለዚህ አለቃዬ ‹ዝጋው› ይላል።»

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ወሬው በዚያው ሌሊት በፌስቡክ አገር አዳረሰ፤ ከእውነቱ ጋር የሌላ ቦታና የሌላ ጊዜ ፎቶም አብሮ ይዞር ነበር። ግጭቱ ወደ ሌሎች ጊቢዎች ተዛመተ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ወላጅ ልጁ ያለበትን ጊቢ ስም እየጻፈ ይፈልግ ነበር፤ ያገኘው የነበረው ግን በአመዛኙ የአክቲቪስት ገጽ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ መግለጫ ሲያወጡም «የመማር ማስተማሩ ሂደት በሰላም ቀጥሏል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ልጁ ከዶርም በስልክ የሚነግረውና ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይገናኙ ሲቀሩ ወላጅ ማንን እንደሚያምን ግልጽ ነው።

በኅዳር ወር የደምቢዶሎው ጉዳይ ተከተለ። ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚጓዙ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በጥር መጀመሪያ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት 21 ተማሪዎች መለቀቃቸው ተነገረ። ወላጆች ደግሞ ከልጆቻችን ድምፅ አልሰማንም አሉ። ተማሪዎቻችን ይመለሱ የሚለው ዘመቻ ትዊተርንና ፌስቡክን የሞላው፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞችም ሰልፍ የተወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እሱን ጊዜ አታስታውሰኝ» አሉ ነጋዴዋ። «ያኔ ልጄ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ‹ይህቺን ልጅ ከድሬ አላስወጣም› ያልኩት ያኔ ነው።»

«እሱ'ኮ የጸጥታ ጉዳይ ነው። እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ ምን ብሎ ይጽፋል?»

«‹አናውቅም፣ እየፈለግን ነው፣ የወላጆች ስልክ ይኸው› ብሎ ይጽፋል።»

ወጣቱ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር አነሳ፤ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ቀውስ ጋር በተያያዘ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። አምስት ወር ማለት ለአንድ ተማሪ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ፌስቡክ ላይ መጻፋቸውን አላቋረጡም፤ ይህን ስናነብ የነበርን ሁሉ በየትኛው መንገድ እንዳነበብነው እናውቃለን። ወጣቱ ሊል የፈለገው ቀላል ነው፦ ተቋም ሙሉ በሙሉ የተደገፈበት ግድግዳ የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ወይም መንግሥት ሲፈልግ ይፈርሳል።

ከዚያ ቀደም ብሎም ታይቷል። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለጠፈ። ሩብ ሚሊዮን ገደማ ተፈታኞች የሚጠብቁት ፈተና ተሰርዞ ሐምሌ ላይ ተሰጠ፤ ለዚያ ፈተና ሲባልም ማኅበራዊ ሚዲያው ለቀናት ተዘጋ። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ጊቢዎች ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉ የዚህ ሁሉ ታሪክ ተከታይ ነው። ዛሬም በፈተናና በምደባ ሰሞን የተቋም ሎጎ ለጥፈው «ምደባ እናስቀይራለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች በቴሌግራም አይጠፉም።

«አንዱ ለእኔም ጽፎልኝ ነበር» አሉ ነጋዴዋ። «ልጅቷን ወደ ሐረማያ አመጣልሽ፣ በቴሌብር ላኪ አለኝ። እውነተኛው መልስ ሲጠፋ የሌባው መልስ ይጣፍጣል፣ አንተ ልጅ። እሱ እኮ በሁለት ደቂቃ ነው የመለሰልኝ።»

«ላክሽ እንዴ?»

«ነጋዴ ነኝ አልኩህ።»

ተቋማቱ የሚፈሩት ፌስቡክ ሲወለድ ግን የተማሪ ነገር ነበር። በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ መኝታ ቤት ተጀምሮ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል በዋናነት የኮሌጅ ተማሪዎች መገናኛ ሆኖ ቆየ። ለሁሉም ሰው የተከፈተው መስከረም 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለውም በዚያው በ1999 ነበር። ለሁሉም የተከፈተው ፌስቡክና ዩኒቨርሲቲው እኩያ ናቸው ማለት ነው። ተማሪዎች ራሳቸው መድረኩን ሲይዙት ምን ማድረግ እንደሚችሉ ደቡብ አፍሪካ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. አሳይታለች፤ ክፍያ ይውደቅ የሚለው ዘመቻ ከዊትስ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ በትዊተር ከጊቢ ጊቢ ተሻገረ፤ ፕሬዚዳንት ዙማም ለቀጣዩ ዓመት የክፍያ ጭማሪ እንደማይኖር ለመናገር ተገደዱ። እኛም ዘንድ ተማሪው የራሱን መንገድ አላጣም። በየዲፓርትመንቱ፣ በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ሀንድአውት፣ ያለፈው ዓመት ፈተና፣ የክፍል ለውጥ፣ የካፌ ሜኑ ሳይቀር እዚያ ይገኛል። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ጊቢዎች ሲዘጉ መምህሩና ተማሪው ያልተቆራረጡት በአብዛኛው በእነዚህ ግሩፖች ነው፤ ብዙ መምህራን ፒዲኤፍ የላኩት፣ አሳይመንት የተቀበሉት በቴሌግራም ነበር። ያን ጊዜ ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ሥራውም ተሠራ።

ነጋዴዋን የቆረቆራቸው ሌላ ነገር ነበር። «እሺ፣ ለተማሪው ግሩፕ አለው። ለእኔስ? ጎረቤቴ በሶማሊኛ ነው የምታነበው፣ ማዶ ያሉት በኦሮምኛ። የእናንተ ገጽ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።»

«ጥናትና ምርምር ሲሆን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ውጭ ያሉ አጋሮች ያዩታል።»

«እነሱ ያዩታል፣ እኛ አናየውም።»

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ በዚህ በኩል የተሻለ ምሳሌ ነው። ሬዲዮ ስለሆነ ዘመናዊ አይመስልም፤ ግን በአካባቢው ቋንቋዎች ለአካባቢው ሰው ይናገራል። ከዚያ የተቆረጠ የሦስት ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ቢላክ በጽሑፍ የማይመቸው ገበሬም ነጋዴም ይሰማዋል። መጋላን የመሰለ አራትና አምስት ቋንቋ የሚሰማበት ሰፈር አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ በድምፅ መልእክት አለመጠቀሙ የሚገርም ነው፤ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ የሚላላከው በድምፅ ነውና።

ወጣቱ ነገሩ እንደሚለወጥ ያምናል። ምክንያቱ ደግሞ ቅንነት አይደለም ይላል፣ ገንዘብ ነው። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። ተማሪ ራሱ አወዳድሮ ይቀበላል። ሌሎቹም በተራቸው ይመጣሉ። የመውጫ ፈተናው ደግሞ አለ፤ በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ካለፉት ያላለፉት በለጡ፤ ያለፈው ከተፈተነው 40 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ወላጅ ‹የእናንተ ተማሪ ስንት አለፈ?› ብሎ ይጠይቃል። የድሬ ነፃ ንግድ ቀጣና ውስጥ የሚገባው ድርጅትም ‹ሎጂስቲክስ የሚያውቅ ተመራቂ አላችሁ?› ይላል። ምደባ ሲቀር አንቺ እንዳልሽው ጎረቤት ይኖረናል፤ ያኔ እንመልሳለን።»

«እስከዚያ ልጄ ትመረቃለች።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በጥሪው ሰሞን፣ ሁለት ሳምንት ብቻ፣ አንዲት ልጅ አስቀምጡ። ከሬጅስትራር ትምጣ፣ ከእናንተ አይደለም። ኮሜንት ትመልስ። ማታ ማታ ደግሞ የተጠየቀውን ሰብስባ በአንድ ጽሑፍ ከላይ ትሰካው። የሚሰድብ ካለ ታጥፋው፤ ሁሉንም አትዝጉት።»

«የትርፍ ሰዓቷን ማን ይከፍላል?»

«የውኃውንና የባነሩን የሚከፍለው።»

ወጣቱ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ማስታወሻ ከፈተ። የራሱ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ በቅርቡ ይወጣል፤ ረቂቁን አስቀድሞ ከጥያቄና መልስ ጋር ማዘጋጀት ይችላል፤ ያ ቢያንስ የእሱ ሥልጣን ነው። ሪሚዲያል ብሎ ጻፈ። ቴምፖራሪ ብሎ ጻፈ። ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ጊቢው በር የባጃጅ ዋጋ ብሎ ጻፈ፤ ይህቺኛዋ ከራሱ የመጣች ናት።

«መጀመሪያ ላይ ግን» አሉ ነጋዴዋ፣ «ሌሊት ለደረሰ ልጅ በሩ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም፣ እሱን ጻፍ።»

ወጣቱ ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

«እሱን እኔም አላውቅም። ጠይቄ ልመለስ።»